የደወል ድምፅ ያመነች ሚዳቋ

ለምትናፍቂኝ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ በልብስ ማጠቢያው ቤት ቆመሽ እየዋልሽ የሚያብጠው እግርሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ትራስ ላይ ሰቅለሽው ነው የምትተኚው? አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽስ ሳሉ ለቀቃት? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እናታችን በጉልበቷ ከማማረሯ በቀር ደህና ናት። ባለቤቴም ደህና ናት። እኔም እዚያችው የብስክሌት ጥገና ቤቴ ውስጥ የተበሳ የጎማ ካላማዳሪያ እየለጠፍኩ፣ ካቴና በግራሶ እየቀባሁ፣ ከደንበኛ ጋር እየተጨቃጨቅሁ አለሁልሽ።

«ልጄስ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ይህን የምጽፍልሽም በእሷው ጉዳይ ነው። በደወልሽ ቁጥር «ጥናት ላይ ናት»፣ «አሁን ወጣ አለች» እያልን ስንሸነግልሽ ቆየን። ባለፈው ግን «ታማብኝ ነው የደበቃችሁኝ» ብለሽ ስታለቅሺ ወረቀት አነሳሁ። እህቴ፣ አልታመመችም። የተሰበረው ቅስሟ ነው። በስልክ ልነግርሽ ብሞክር ምላሴ ስለሚተሳሰር በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

የትምህርት ቤቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ክበብ ሊቀመንበር መሆኗን ነግሬሽ ነበር። «ሊቀመንበር ሳህን አያጥብም እንዴ?» ስላት «አጀንዳ ይያዝልኝና በስብሰባ እንወስናለን» እያለች ታስቀን ነበር። ምክትሏ በበራችን ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ልጅ ነው፤ ጓደኞቹ «ቀጭኔ» ይሉታል፤ በዚያ ካልጠሩት ዞር አይልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ደን ውስጥ ገብተው ሰው ያጠመደውን የሽቦ ወጥመድ ይፈታሉ። ሽቦውን ጠቅልለው እኔ ጋ ይጥሉታል፤ እኔም ለብስክሌት ዕቃ መጫኛ ማሰሪያ አደርገዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ግን ከወጥመድ ቀድመው አልደረሱም። አንዲት ሚዳቋ ሽቦው አንገቷ ላይ ጠብቆ ሞታለች፤ አጠገቧ ገና እግሯ ያልጸና ግልገሏ ቆማለች። ልጅሽ በሹራቧ ጠቅልላ አመጣቻት። ርዕሰ መምህሩ የድሮውን የስፖርት ዕቃ መጋዘን ፈቀዱላቸውና እዚያ በጡጦ ያሳድጓት ጀመር። እስከዚህ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ በስልክ ስነግርሽ ስትስቂ ሰምቼሻለሁ።

የደን ጠባቂው ገና ከመጀመሪያው «ልጆች፣ ሰው እንዳታስለምዷት። ሰው ስታይ ካልሸሸች አለቀላት» ብሏቸው ነበር። እነሱም ቃሉን አክብረዋል። ሊቀመንበሯ ደንብ አወጣች፦ ማንም አይዳብሳትም፣ ማንም ስም አያወጣላትም፣ አጠገቧ ማንም አያወራም። ቀጭኔ አንድ ቀን ረስቶ «ነይ እስቲ የእኔ ቆንጆ» ቢላት ሳምንቱን ሙሉ ከመጋዘኑ አግዳዋለች። በደንቡ ውስጥ ያላስገቡት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደወል። ልጅሽ ወተቱን የምታደርሰው አንቺ ትተሽው በሄድሽው ብስክሌት ነበርና የግቢውን መታጠፊያ ስትዞር ልማድ ሆኖባት ታቃጭላለች። ግልገሏም ያንን ስትሰማ ጆሮዋን አቁማ በር ላይ ትጠብቃለች። ደወል ሰው አይደለም ብለው ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው።

አድጋ ስትጠነክር በደን ጠባቂው መሪነት መሀል ደን ወስደው ለቀቋት። ከዚያ በኋላ በሕይወት መኖሯን የሚያጣሩት በዚያው ደወል ነበር። ከጫካው ዳር ቆመው ያቃጭላሉ፤ ከዛፎቹ መሀል ብቅ ትላለች፤ ከሩቅ እግሯንና ፀጉሯን አይተው ምንም ሳይናገሩ ይመለሳሉ። ልጅሽ ከዚያ ስትመለስ ብታያት! ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ መጥተው አሠራራቸውን ጠይቀዋል። የባዮሎጂ መምህራቸው ሰልፍ ላይ አስጨብጭበውላታል። የደን ጠባቂውም «እንዲህ ከሆነማ ጥሩ ነው» ብሎ ነበር።

ደኑን ታኮ የሚያልፈውን መንገድ ታስታውሺዋለሽ። ዳቦ አከፋፋዩ ሁልጊዜ ጠዋት በብስክሌቱ በዚያ ያልፋል፤ ኩርባው ላይ ሲደርስ ከፊት የሚመጣ ካለ እንዲሰማው ያቃጭላል። የዚያን ዕለትም አቃጨለ። ሚዳቋዋ ከጫካው ወጣች። ከወዲያ በኩል ሲሚንቶ የጫነ መኪና ይመጣ ነበር፤ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፣ አልደረሰም፤ ገጫት። ዳቦ አከፋፋዩ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ሲነግረኝ «ሮጣ ወደ እኔ ነው የመጣችው ጋሼ፤ ዓይን ዓይኔን እያየች፤ የምታውቀኝ ነው የሚመስለው» አለኝ። ቅርጫቱ ውስጥ ያለውን ዳቦ የዚያን ቀን ለማንም አላደረሰም።

ልጆቹ ደኑ ውስጥ ቀበሯት። ቀጭኔ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ ሲያለቅስ ልጅሽ እንባ አልወጣትም። ከዚያ በቀጥታ ጥገና ቤቴ መጣችና የደወሎቹ ካርቶን ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ ይሄን ደወል ስንት ብስክሌት ላይ ገጥመኸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩ ሳይገባኝ «ያልገጠምኩበት አለ እንዴ ልጄ? ገበያ ላይ ያለው እሱ ብቻ አይደል» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከመደርደሪያዬ ቁልፍ አነሳች፣ የአንቺን ብስክሌት ደወል ፈታች፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው፣ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ክበቡን ተወችው። ስልክም አታነሳም። ያንቺ ጥሪ ሲሰማ ተነስታ ጓሮ ትወጣለች። አንድ ቀን ተናድጄ «እናትሽ ምን በደለችሽ?» ብዬ ተቆጣኋት። የመለሰችልኝን ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን እኔ ካልነገርኩሽ ማን ይነግርሻል? «ምንም አልበደለችኝም ጋሼ። ፊቷን ላስታውስ ብዬ ዓይኔን ስጨፍን የስልኩ ጥሪ ነው የሚመጣብኝ። እኔም እንደዚያችው ሚዳቋ ነኝ፤ ሲጮህ እሮጣለሁ» አለችኝ። ስትሄጂ የወተት ጥርሷ እንኳ አልተነቀለም ነበር እህቴ። አንገቴን ደፍቼ ጎማዬን ማሽከርከር ያዝኩ።

ባለፈው ሳምንት ቀጭኔ በራችን ላይ መጣ። ኮቱ ውስጥ የሚንፈራገጥ ነገር አቅፏል፤ ሌላ ግልገል፣ ሌላ ሽቦ። ወደ ውስጥ ሳይገባ «ሊቀመንበር፣ እኛ ብቻችንን ፈራን» አለ። እናታችን ከተቀመጠችበት ሆና «ኧረ ልጁን አስገቡት፣ በር ላይ አታቁሙት» ትላለች። ልጅሽ ተነስታ ጫማዋን አጠለቀች።

አሁን እንዴት እንደምታሳድጋት ልይ ብዬ ትናንት መጋዘኑ ድረስ ሄጄ ነበር። በመሀሉ ጆንያ ሰፍተው ጋርደዋል። ብስክሌት የለም፣ በእግሯ ነው የምትሄደው። ኮቴዋን እንዳትለምደው ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፤ ጠረኗን እንዳታውቀው እጇን በቅጠል ታሻለች፤ ጡጦውን በጆንያው ቀዳዳ ታሳልፋለች። ግልገሏ ከጆንያው ጀርባ ሆና እየጮኸች ትፈልጋለች። ልጅሽ ተንበርክካ በአንድ እጇ ጡጦውን ይዛ በሌላው የራሷን አፍ አፍናለች፤ እንባዋ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል። ሚዳቋዋን ስትቀብር ያላወጣችው እንባ ነው።

ስንወጣ «ማን እንደሚያጠባት እንዳታውቅ ነው ጋሼ። ከወደደችኝ ትሞትብኛለች» አለችኝ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ደግሞ ቆም ብላ «እማዬም እንዲህ ብላ ይሆን እንዴ የራቀችኝ?» አለች።

ቤት ውስጥ የምንበላው ከማን እጅ እንደሚመጣ እኛ እናውቃለን፤ እግርሽ ለማን እንደሚያብጥም እናውቃለን። እሷ ግን የምታውቀው ድምፅ ብቻ ነው። ሥራሽን ጥለሽ ነዪ ለማለት አፍ የለኝም። ብትችዪ ግን ነዪ። ያ እስኪሆን በገዛ እጅሽ ጻፊላት፤ ጽሑፍሽ ቢንጋደድም ግድ የለም፤ ፎቶሽንም ላኪላት፤ ከፀጉር ቤት ወጥተሽ የምትነሺውን ሳይሆን፣ ከሥራ እንደወጣሽ፣ ደክሞሽ ያለውን። ብስክሌትሽ ያለ ደወል ግድግዳ ተደግፎ አለ፤ ጎማውን እየነፋሁ አቆየዋለሁ። ስትመጪ ከመንገድ እንዳትደውዪ። በሩን ከፍተሽ ግቢና ፊትሽን ትየው።

እናታችን ጉንጭሽን ደጋግማ ስማሻለች፤ «ሳልሞት ድረሺልኝ» በልልኝ ብላለች፤ ይህን ግን ጉልበቷን ባመማት ቁጥር ስለምትለው አትደንግጪ። ባለቤቴ «ካልሲ ደርቢ» ብላሻለች። ቀጭኔ ባያውቅሽም ሰላም ብሎሻል። ለጓደኛሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ልጅሽ ሰላም በልልኝ አላለችም። ለማን እንደምጽፍ ግን አይታለች። በሩን ከፍታ ስትገባ ንፋሱ ወረቀቱን ቢያነሳብኝ ደወሉን ካስቀመጠችበት አንስታ ጫፉ ላይ ጫነችልኝና ወደ ግልገሏ ሄደች።

ታላቅ ወንድምሽ

ከጥገና ቤቱ፣ ጥር ፱ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ