ሳልወርድ ያለፍኩት ለቅሶ

ጥቅምት 5 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ሱቅ ዋልኩ። አቡጀዲ ቀደድኩ፣ ክር ሸጥኩ። አንዲት ሴትዮ ሦስት ክንድ ብለውኝ አራት ቆረጥኩላቸው። አባባ አየኝና "አንተ ሽብሩ፣ ልብህ የት ነው?" አለኝ። የት እንዳለ እያወቀ!

ልቤ ከነቀምቴ ወዲያ፣ ዲጋ ነው። የአባባ ወዳጅ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ድርቤን ለትዳር ከአባቷ ከኦቦ ጆቴ ከጠየቁልኝ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። "መክረን እናሳውቃለን" ነው የተባሉት። ምን ይሆን የሚመከረው? የጉራጌ ነጋዴ ልጅ መሆኔ? ቤተ ክርስቲያናችን መለያየቱ? ይሄን እኮ መጀመሪያም ያውቁታል። ድርቤ ራሷ ባለፈው ክር ልትገዛ መጥታ፣ "አባቴ ቀስ ብሎ ነው የሚያስበው። አንተ ደግሞ..." አለችና ሳቀች። አልጨረሰችውም።

መልስ ሳይመጣ በደጃቸው ድርሽ ማለት ነውር ነው። ታዲያ ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ጣሪያ ልቁጠር?

ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ

መልስ የለም። የብስክሌቴን ሰንሰለት ዘይት ቀባሁ፣ ፍሬኑን አጠበቅኩ። ነገ ዴዴሳ ወንዝ ድረስ እወርዳለሁ። ዲጋን ሰው ሳይነቃ አልፋታለሁ። አባባ፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ። ለዴዴሳ ምን ይፈሳል?

ጥቅምት 8፣ እሑድ

እግሬ የእኔ አይመስለኝም። ግን ሄድኩ!

ገና ከከተማ ሳልወጣ ጎማዬ ተነፈሰ። ለጥፌ ስነሳ ፀሐይ ወጥታለች። ዲጋ ስደርስ ሦስት ሰዓት አለፈ፣ ሰው ሁሉ ደጅ ነው። የድርቤ ዘመድ ቢያየኝስ? ፊቴን በሻሽ ጠቀለልኩ፣ ባርኔጣዬን ደፋሁ። አንድም ሰው አላወቀኝም።

ከዲጋ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ለቅሶ ገጠመኝ። ቃሬዛ ተሸክመው መንገዱን ሞልተውታል። በቅሎ የተቀመጡ ወርደው ልጓም ይዘው ቆመዋል። እኔ... ፍሬኑ አልያዘልኝም። ደወል መታሁ። ግራና ቀኝ ገለል አሉልኝ፣ በመሐላቸው አለፍኩ። ምን ላድርግ? ዘወር ብዬ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ሁሉ የእኔ ነበር። ነፋሱ ይሞቃል፣ ሣሩ ከሰው ይበልጣል። ድልድዩ ጋ ስደርስ መንገዱን ትቼ ወንዙን ተከትዬ በከብት መሄጃው ነዳሁ። ዴዴሳ ሞልቶ ደፍርሷል፣ ግን ድምፅ የለውም። የሾላ ቅርንጫፎች ውሃው ላይ ተኝተዋል። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ አብረውኝ ሄዱ። አንድ ቦታ ወንዙ ይጠመዘዝና ሜዳ ያህል ይሰፋል። አምሮኝ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ግን አልቆምኩም። ከሚቀጥለው መታጠፊያ ወዲያ ምን አለ? ከዚያስ ወዲያ?

ኩማ የሚባል ዓሣ አጥማጅ አስቆመኝ። "ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ከዚህ ወዲያ ጉማሬ ነው፣ ተመለስ!" የተጠበሰ ዓሣ ሰጠኝ። ቆሜ በላሁ። "ተቀመጥ እንጂ" ቢለኝ፣ መንገደኛ ነኝ አልኩት። ሳቀብኝ። "ውሃው እንኳ እዚህ ጋ ሲደርስ ያርፋል። አንተን ምን ያባርርሃል?"

ዳገቱን ስላልቻልኩት ከጊምቢ የመጣ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ብስክሌቴን ጭኜ ነቀምቴ ገባሁ።

ጥቅምት 11፣ ረቡዕ

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ሱቅ መጡ። ፊታቸውን አይቼ ኦቦ ጆቴ እምቢ ያሉ መሰለኝ። እንዲያማ በሆነ!

የሞቱት የኦቦ ጆቴ ታላቅ እህት ናቸው። ድርቤን ያሳደጓት አክስቷ። እሑድ ተቀበሩ።

"ይሄ ድሬሰር ተረፋ የሠራውን ሰማህ?" አሉኝ። "በብስክሌት፣ ፊቱን ተሸፋፍኖ፣ ቃሬዛ መሐል ደወል እየደወለ አለፈ። ጠላት እንኳ ለሬሳ ይወርዳል!"

ተረፋ የዲጋ ክሊኒክ የሐኪም ረዳት ነው፣ እዚያ ብስክሌት ያለው እሱ ብቻ ነው።

"ማን አየው?" አልኩ።

"አገር ነዋ ያየው።"

አቡጀዲ ማጠፍ ጀመርኩ። የታጠፈውን ነው ያጠፍኩት።

ጥቅምት 12

አልተኛሁም። ብናገር ድርቤ ቀረች። ዝም ብል ማንም አያውቅም... ተረፋ መንግሥት የላከው ሰው ነው፣ ምን ይሆናል? ደግሞ ሰው ይረሳል። ይረሳል?

ጥቅምት 13፣ ዓርብ

ተረፋ ራሱ መጣ። ምላጭ ሊገዛ። ከስቷል። ነቀምቴ የመጣው ወደ ሌላ አገር ይቀይሩኝ ብሎ ሊያመለክት ነው።

"የዚያን ዕለት ቢላ ከተማ ነበርኩ" አለኝ። "ማን ይመነኝ? ትናንት አንዲት እናት ልጇ በወባ ሲንቀጠቀጥ ከደጄ አዝላው ተመለሰች። 'ሙታንን የማያከብር እጅ ልጄን አይነካም' ብላ።"

"ልጁስ?"

"እንጃ።"

ምላጩን ሰጠሁት። ሒሳቡን ተቀበልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሲወጣ እፎይ አልኩ።

እኩለ ቀን ላይ ብስክሌቱን አውጥቼ ከቤታችን በላይ ካለው ዳገት ለቀቅኩት። መሐል ላይ ፍሬን ያዝኩ። ቀጥ አለ።

ማንም የማያነበው ደብተር ላይ ማንን ነው የዋሸሁት? ፍሬኑ ይይዛል። እሑድም ይይዝ ነበር። ቁልቁለቱ ጣፈጠኝ፣ መቆም አልፈለግኩም። ይኸው ነው።

ጥቅምት 15፣ እሑድ

በእግሬ ዲጋ ሄድኩ። ለሽማግሌዎቹም አልነገርኩም።

ኦቦ ጆቴ ዳስ ውስጥ ናቸው። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩና እጅ ነሣሁ። በሹክሹክታ ልነግራቸው ነበር ሐሳቤ፣ ድምፄ ግን ጮኸ።

"በብስክሌት ያለፍኩት እኔ ነኝ። ተረፋ አይደለም።"

ኦቦ ጆቴ ቀና አሉ።

"ፊትህን ለምን ሸፈንክ?"

"መልስ ሳይሰጡኝ በደጅዎ ሳልፍ እንዳልታይ።"

"ደወልም መታህ።"

"መታሁ።"

ዳሱ ውስጥ ያለውን ሰው ዞረው አዩ። ከዚያ፣ "ለእኔ ብቻ አይደለም። ዞረህ ለሁሉም ንገር። በኦሮምኛ" አሉኝ። በሱቅ ኦሮምኛዬ ተንተባተብኩ። የሳቀ የለም። አንዲት አሮጊት ፊቷን አዞረችብኝ። ኦቦ ጆቴ አንድ ሰው ጠርተው "ሂድ፣ ተረፋን አምጣልኝ። ይቅርታ የምንለው እኛ ነን" አሉ። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ "ታኢ" አሉኝ። ተቀመጥ።

ተቀመጥኩ። ተረፋ መጣ፣ ሁሉም ተነሥተው ተቀበሉት። እኔን አልጨበጠኝም።

ምሳ ሲቀርብ ድርቤ በጥቁር ልብስ ሆና እጅ ልታስታጥበን መጣች። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

"ፍሬኑ ተበላሽቶብህ ነው፣ አይደል?"

ቀና ብዬ አየኋት። እንዲያ እንድላት ዓይኗ ይለምነኛል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትፈልገው...

"አልተበላሸም። መቆም ስላልፈለግኩ ነው።"

ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ውሃውን አፈሰሰችልኝ። ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

እስኪመሽ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 26፣ ሐሙስ

አቶ ኃይለጊዮርጊስ መልስ ይዘው መጡ። ኦቦ ጆቴ፣ "እህቴ ዓመት ሳይሞላት በቤቴ ጋብቻ አይነሳም። ከዓመት በኋላ ይምጣና ልጅቷን ራሷን ይጠይቅ" ብለዋል። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። ድርቤስ? "ሰምታለች። ዝም ብላለች።"

አባባ፣ "ሻይ እስኪበርድ የማትጠብቅ ልጅ፣ ዓመት እንዴት ልትሆን ነው?" አለኝ።

እኔም አላውቅም። ሱቅ ተቀምጬ ዋልኩ። ለሚገዛ ለክቼ ሸጥኩ፣ ማታ በር ዘጋሁ። ከዓመቱ ላይ አንድ ቀን ሄደ።