ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ይህን ሰው ሁሉ ለወግ እንደሚጽፈው አድርገሽ እንዳታልፊው፤ ደግመሽ አንብቢው። እናትሽ ደህና ናት። ታናሽ ወንድምሽም ደህና ነው፤ አሁን እንኳ ግቢ ውስጥ ኳስ ሲያንቀረቅብ ይሰማኛል። እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ። እቤታችን የታመመም የሞተም የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ትንፋሽሽን ሰብስቢ። ከዚያ ለቀዩ አውቶቡስ ትኬት ቆርጠሽ ከሆነ ተዪው።

ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ከእናትሽ ጋር የተዋዋላችሁትን ማን ነገረኝ? ስልክሽን ወንዝ ከበላው ወዲህ በየደረስሽበት ከሰው ለምነሽ እንደምትደውዪ፣ አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ "ደርሻለሁ" ማለት እንደሆነ፣ ይህን ያህሉን ራሴው ደርሼበታለሁ። ስልኩ ጮሆ ዝም ባለ ቁጥር የእናትሽ ፊት ሲፈታ አያለሁና። ከቤት ከተነሳ ግን "ክፉ ነገር ደርሷል፣ ቶሎ ነይ" ማለት መሆኑን ዛሬ ገና ሰማሁ። ለነገሩ ማን ይንገረኝ? ከሄድሽ ድምፅሽን ብሰማ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ ብዬ፣ ስምሽ ሲነሳ ከክፍሉ የምወጣ ሰው ነበርኩ። የአኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል፤ የእኔ ግን ከምሳም አለፈ።

ከማክሰኞ ጀምሮ ስልኩ አልጮኸም። የተራራው መንገድ በናዳ ተዘጋ ብለው ሾፌሮቹ ጋራዥ ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። ለእናትሽ አልነገርኳትም። እሷም ሰምታ ኖሮ ለእኔ አልነገረችኝም። ሁለታችንም ስለ ሽንኩርት ውድነት እያወራን ሰነበትን።

ዛሬ ለምሳ ስገባ እናትሽ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጮኸ። አንዴ ብሎ እንደሚቋረጥ አውቃለሁ። እንዳይቋረጥብኝ ፈራሁና እጄ ቀደመኝ።

"እማዬ?" አልሽ። "እማዬ፣ ምን ሆናችሁ?"

ልመልስልሽ አፌን ከፈትኩ። ጋራዡን ሙሉ በአንድ ትንፋሽ የማምባርቅበት ሰውዬ አንዲት ቃል አጣሁ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። እናትሽ እርጥብ አንሶላ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አየችው። "ምን አደረግህ? ልጄን በዚያ መንገድ ጠራሃት እኮ" አለችኝ፤ ከዚያ ተቀመጠች።

መልሰን ስንደውል ባለሱቋ አነሳችው። ልጅቷ እያለቀሰች ወደ መናኸሪያ ሮጠች፣ ጓደኛዋም ተከተለቻት፣ ነገ ማለዳ የሚነሳ አውቶቡስ አለ ሲሏት ሰምቻለሁ፣ እኔ ግን ሱቄን ጥዬ ልፈልጋት አልችልም ብላ ዘጋችው። መናኸሪያው ቢሮ ደግሞ የሚያነሳ የለም፤ እዚያ የሚያነሱት ለማይፈልጋቸው ሰው ብቻ ይመስለኛል።

ነገ ማለዳ የሚነሳው ቀዩ ነው። የፍሬን ሸራው ማለቁን አይቼ "ይሄ ከግቢ አይወጣም" ብዬ ነበር፤ በሌለሁበት አስወጡት። ዳገቱን ያለ ችግር ወጥቷል። የሚያሰጋው ቁልቁለቱ ነው። ናዳው የዘጋውን መንገድ ደግሞ ዛሬ ጠዋት በአንድ ጎን ብቻ ነው የከፈቱት። ከዚህ በላይ አልጽፍልሽም፤ የመካኒክ ልጅ ነሽ፣ ይገባሻል።

እስካሁን የተሳፈርሽባቸው ግን እንዳያሳስቡሽ። በዚያ መስመር የሚወጣውን መኪና ሁሉ ሥሩ ገብቼ አይቼዋለሁ። ሥራዬ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። እናትሽ "እሁድ እሁድ ደግሞ ምን ሥራ አለህ?" ትላለች፣ አትስሚያት። ሾፌሮቹም ሲመለሱ ሳልጠይቃቸው ያወሩልኛል። ሁልጊዜ መስኮት በኩል እንደምትቀመጪ፣ ጓደኛሽን መኪና ሲያስመልሳት ጀርባዋን ስታሺላት እንደነበር፣ አንዱን ረዳት በቀልድ አፉን እንዳስያዝሽው። የመጨረሻውን ሲነግሩኝ የማን ልጅ መሰለቻችሁ ብያቸዋለሁ።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ "ቀስ በቀስ" የሚሉት ሾፌር ነው። ተሳፋሪው በእሱ መኪና ከምንሄድ እንቁላሉ በእግሩ ቢሄድ ይቀድመናል እያለ ያማዋል። ይማው። ሳይመሽ ይደርሳል፤ መናኸሪያው ውስጥ ስምሽን እየተጣራ ይፈልግሻል። እኔ ራሴ ልመጣ ቱታዬን ሳላወልቅ ተነስቼ ነበር። እናትሽ "አንተን ካየችማ ከሞትም የባሰ መጣ ብላ ነው የምትደነግጠው" አለችኝ። ክፉ አፍ አላት፤ ግን እውነቷን ነው።

አሁን እንግዲህ ምርጫው ያንቺ ነው። ደክሞሽ ከሆነ፣ ነገ ከቀስ በቀስ ጋር ውረጂ፤ የእሱን ፍሬን ዛሬ ከምሳ በኋላ እንደገና ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ካልደከመሽ ግን ወደኋላ አትመለሺ። ፏፏቴውን አይቼ ካልመጣሁ ብለሽ አልነበር የተጣላሽኝ? እዚያ ደርሰሽ ሳታዪው ብትመለሺ ጠባችን በከንቱ ሊቀር ነው። እኔ እንድትመለሺ እፈልጋለሁ። ብፈልግም አትመለሺ።

መሐላው እንደሆነ ዛሬ ፈርሷል፣ አጥንቱም አልወጋኝም። አባቴም ልጅ የነበረው ሰው ነውና ገብቶት ይሆናል።

ከእናትሽ ጋር የተዋዋላችሁትም ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ስትደርሺ ደውዪ፣ ስልኩ ይነሳል፣ ቢነሳም ክፉ ነገር የለም። ያነሳው ሰው ቶሎ ካልተናገረ ግን እንዳትዘጊው። ትንሽ ጠብቂው።

የወጣሽበትን መንገድ ያቅናልሽ፤ ከፊትሽ ያለውን ቁልቁለት ያለስልስልሽ። ለጓደኛሽ ሰላም በያት።

አባትሽ