አንድ እግር ያለው ሰው አልነበረም

ለታላቅ ወንድሜ ለኦዴል ፕሩዊት፤

ጤናህ እንዴት ነው? ፋብሪካው ያጎበጠው ወገብህስ? ዲትሮይት ከወዲሁ ቀዝቅዟል ሲሉ ሰማሁ፤ ብርዱን እንዴት ቻልከው? ባለቤትህ ግሎሪስ ደም ግፊቷ ወረደላት? ልጆቹስ በርትተዋል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። እማ ባለፈው ወር ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞላት። ካመማት ወዲህ ግራ እጇ አይታዘዛትም፤ አፏ ግን እንደ ድሮው ነው። ጥጡ ተለቅሞ አልቋል፤ የጓሮው ጎመንም ደርሷል።

ሰላምታዬን እዚህ ላይ አቋርጣለሁ፤ ተናድጃለሁና። ታውቀኛለህ፣ ስናደድ ዝም የምል ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ግን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሁለቱን ቀድጃለሁ። ይኸኛው ከሦስቱ ለስላሳው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ከፋሲካ ወዲህ ፕሮፌሰር ዊትኮም የሚባል ሰው ከሰሜን እየተመላለሰ የድሮ የብሉዝና የሶል ሙዚቀኞችን በቴፕ እየቀዳ ያነጋግራል። መጽሐፍ ሊያወጣው ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ነው በራችንን የሚያልፈው። ግን የሽማግሌዎቻችን አነጋገር አይገባውም፤ ስለዚህ ካሴቱን እየሰማሁ በታይፕ የምገለብጥለት እኔ ሆንኩ። ፊደል የት እንደ ለየሁ መቼም አትረሳውም፤ እማ ነፋስ እንዳይገባ ግድግዳው ላይ ከለጠፈችው ጋዜጣ ነው። በእኔ አልጋ በኩል ያለውን ዘቅዝቃ ስለ ለጠፈችው፣ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ እስከ ዛሬ እንደ ቀናው አድርጌ ነው የማነበው።

መጀመሪያ ሥራውን ወድጄው ነበር። ሜምፊስ ገብቶ ዕድሜውን ሙሉ ለሶል ዘፋኞች ቤዝ ጊታር ሲመታ የኖረው ክላይድ ሃኒከት ሲያወራ ብትሰማው! አልጋ የሚያከራያቸው ጠፍቶ ስድስት ሆነው መኪና ውስጥ ተደራርበው ያደሩበትን ሲናገር፣ «ከበሮ መቺው እግሩ ስለሚሸት መስኮት በተራ ነበር የምንይዘው» ይላል። «የመጀመሪያው ሸክላህ በሬዲዮ ሲወጣ የት ነበርክ?» ቢለው፣ «በአንድ ሆቴል ጓሮ ድስት እያጠብኩ፤ አለቃዬ፣ ይህን ጩኸት ዝጋልኝ አለኝ» አለ። ሳቅሁ። ፕሮፌሰሩ፣ ያ አንዱ እየዘገየ የሚያነክሰው የአገራችን ምት ከየት መጣ ብሎ ሲጠይቀው፣ «ከጋሽ ኤልሞር ነው የተማርኩት። እሱን ማን እንዳስተማረው ራሱን ጠይቀው» አለ።

ቀጣዩ ካሴት የሽማግሌው ጊታር መቺ የጋሽ ኤልሞር ቴትስ ነበር። ድምፁን ጠራርጎ እንዲህ ይላል፦ «በ1938 አንድ እግር ያለው ሰውዬ በባቡር መጣ። ሦስት ቀን ሰነበተ። ስሙን አልነገረኝም። በእንጨት እግሩ ወለሉን እየደቃ ነበር የሚጫወተው፤ ምቱ የሚያነክሰው ለዚህ ነው።» ፕሮፌሰሩ ትንፋሹን ሲውጥ በቴፑ ይሰማል። የመጽሐፉን ትልቁን ምዕራፍ በዚያ ሰውዬ ስም ሊጠራው ነው። ማዘጋጃ ቤቱም ለማይታወቀው ጊታር መቺ መታሰቢያ ድንጋይ አስጠርቧል።

ማሽኑን አጠፋሁት። ያ ምት የማን እንደሆነ እኔም አንተም እናውቃለን። የጥጥ መዳመጫው የእማን ሌባ ጣት ግማሹን ሲበላው፣ በአውራ ጣቷና በመካከለኛው ብቻ ጊታር መምታት ተማረች፤ አንዱ ምት የሚዘገየው መካከል ላይ የጎደለ ጣት ስላለ ነው።

በነጋታው ጋሽ ኤልሞር ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ለውዝ ይፈለፍላል።

«ጋሽ ኤልሞር፣ ያ ሰውዬ ሌላውን እግሩን የት ጣለው?» አልኩት።

«ኤርሊን! አንቺም መናገር ጀመርሽ? እንግዲህ ምጽአት ደርሷል» ብሎ ሳቀ።

«አትሳቅብኝ። የእናቴን እጅ ለማን ነው የሰጠኸው?»

ሳቁን ተወው። «ልጄ፣ እናትሽ ዛሬ የቤተ ክርስቲያን እናት ናት። ነጭ ለብሳ ፊተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሰው ናት። ወንዝ ገብቶ የተጠመቀን ሰው ስም መልሰን ሹገር ዳንስ ቤት ደጃፍ አናቆምም። ሕጋችን ነው። ከእኛ ከድሮዎቹ ማን ሲያነሳት ሰምተሻል?»

«እሷ አታንሱኝ አለች?»

«ይህ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ?»

«ታዲያ የሌለ ሰው ከምትፈጥር ዝም አትልም ነበር?»

«ዝም ስል ይብስ ይጠይቁኛል። የሌለ ሰው ደግሞ ጥሩ ነው፤ አይቀየም፣ ቤተ ክርስቲያን አይሄድ» አለና ለውዙን ጠረገው። ከዚህ በኋላ ዓይኔን አላየም።

ለእማ ለመንገር ፈራሁ። እማ ወንዝ ገብታ ከተጠመቀች ወዲህ፣ አርባ ሦስት ዓመት ያ ሙዚቃ በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። ቢሆንም የታየፕኩትን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላት። አስጨርሳኝ፣ «የቱ እግሩ ነው የጎደለው?» አለች።

«አልተናገረም እማ።»

«ይናገራ! ግራው ነው ቀኙ? መዳመጫው ጣቴን ሲበላው ስጮህ የት ነበረ ባለ እንጨት እግሩ? እኔ ወንዙ ውስጥ ለጌታ የሰጠሁት ኃጢአቴን ነው። እጄንማ ራሱ ነው የሰጠኝ። ያንን ኤልሞርን ጥሪልኝ፤ ጊታሩን ይዞ ይምጣ።»

እሑድ ከአምልኮ በኋላ መጣ። ጊታሩን መኪናው ውስጥ ትቶ ባዶ እጁን ሊገባ ሲል «አግባው!» አለችው። ከነነጭ ልብሷ፣ ከነኮፍያዋ ተቀምጣለች። የፕሮፌሰሩን ቴፕ እንዲቀዳ ከፈትኩት። ጋሽ ኤልሞር ያንን ዓለም ያጨበጨበለትን ምት መታ። ዓይኗን ጨፍና ሰማችው።

«ስንት ዓመት ነው እንዲህ የምትመታው?»

«ሃምሳ ስድስት።»

«ሃምሳ ስድስት ዓመት በማይሆነው እግር ስታነክስ!» አለችና በቀኝ አውራ ጣቷ ጠረጴዛውን መታች። የዘገየው ምት እሱ ከሚያውቀው የዓይን ጥቅሻ ያህል ይቀድማል። ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሦስት ጊዜ ሞከረ። በመጨረሻ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ «ዜልማ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ለዚህ ነው እንዳንቺ አልጮህ ያለኝ!» ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በስሟ ሲጠራት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ቴፑ ዞሮ፣ «ባለ አንድ እግር ሰው አልነበረም። የተማርኩት ከዜልማ ፕሩዊት ነው» አለ።

አለቀልን ብዬ ነበር። ሮብ ዕለት ፕሮፌሰሩ መጥቶ ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ካሴቱን አሰማሁት። ፊቱ ቀላ። «ወይዘሮ ኤርሊን፣ ልብ የሚነካ ነው» አለኝ፤ «ነገር ግን ሽማግሌው ቃላቸውን ለዋወጡ፤ ምናልባት ለእናትዎ ብለው ይሆናል። እኔ ዘንድ ደግሞ የማልጥለው ሌላ ምስክር አለ።» ማን እንደሆነ አልነግርዎትም አለ። ወረቀቱ ግን ፊቱ ተዘርግቷል፤ ለእኔ ተዘቅዝቋል።

አነበብኩት፣ ኦዴል። «የበኩር ልጅ፣ ዲያቆን፣ ዲትሮይት፣ በስልክ። እናቱ ጊታር ነክታ አታውቅም። ባለ አንድ እግሩን ሰው ግን በዓይኑ አይቶታል።»

አየኸው! የሌለውን ሰው አየኸው፤ እናትህን አላየሃትም። በ1938 እኮ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበርክ። እኔ ያየሁትን ልንገርህ? ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሹገር ዳንስ ቤት አሳ እየተጠበሰ፣ አንተ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ደፍተህ፣ በመጥረጊያ እንጨት ክር ወጥረህ ከእማ ኋላ ቤዝ ስትመታ አየሁ። ሳትዞር በትከሻዋ ብቻ ስትመራህ አየሁ። እማ ተጠምቃ ከወንዙ ስትወጣ ሕዝቡ ሃሌ ሉያ ሲል፣ አንተ ቤት ገብተህ ያን ገንዳ በጫማህ ስትረግጠውም አየሁ። የረገጥክበት ዛሬም ጎድጉዶ አለ፤ ዶሮዎቼን ውሃ የማጠጣበት ነው።

ጋሽ ኤልሞር የዋሸው ለእሷ ክብር ብሎ ነው፤ ተሳሳተ፣ ግን ለእሷ ብሎ ነው። አንተ የዋሸኸው ለራስህ ክብር ነው። ዲያቆኑ በዳንስ ቤት አደገ እንዳይባል። እሷ ነጭ ልብሷን ለብሳ ያላፈረችበትን፣ አንተ በከረባት አፈርክበት?

ፕሮፌሰሩን አጥብቄ ስይዘው፣ ልጅየው እስከ ወሩ መጨረሻ ቃሉን ካስተካከለ ምዕራፉን እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ካላስተካከለ እንዳለ ይታተማል፣ ድንጋዩም ይቆማል አለኝ። በታይፕ ገልብጬ ያልሰጠሁት ሠላሳ ገጽ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ግን ካሴቶቹ የእሱ ናቸው፤ ታይፕ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። የቀረው የአንተ አፍ ብቻ ነው።

ለእማ አልነገርኳትም። ፕሮፌሰሩ ምን አለ ብላ ስትጠይቀኝ፣ አንድ ምስክር ጎደለ ይላል አልኳት። ምን እንዳለች ታውቃለህ? ሳቀች። «ይኸው ነው እንዴ? ኦዴል አለ አይደለም! ከኋላዬ ቆሞ የነበረው እሱ፤ ከእሱ የበለጠ ማን ያውቀኛል? ጻፊለት» አለችኝ። ጻፍኩልህ። እንግዲህ ምን ልበላት?

ግሎሪስን አቅፈህ ሳምልኝ፤ በእሷ ላይ ቁጣ የለኝም። ልጆቹን ሳምልኝ፤ አያታቸው ማን እንደነበረች ካላወቁ ግን ስለ እሷ ሰላም አትበልልኝ። አክስት ላቫዳ ሰላም ብላሃለች፤ የላክህላት መነጽር በልኳ ሆነ። ጋሽ ኤልሞርም ሰላም ብሎሃል፤ «ገንዳ መቺው አሁንም ይቸኩላል?» ብሎ ጠይቋል። የፕሮፌሰሩ ስልክ ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ላይ አለ።

እማ ሰላምታዋን በቃል አልሰጠችኝም። ጠረጴዛውን በአውራ ጣቷ መታችና፣ «ይህን ጻፊለት» አለችኝ። ይህማ በፊደል አይጻፍም አልኳት። «ግድ የለም፣ እሱ ያውቀዋል» አለች።

እህትህ ኤርሊን
ሆሊስ ክሪክ፣ ሚሲሲፒ
ኦክቶበር 20 ቀን 1994