የቲየንፉ ቁልፎችና የበረንዳው ጥላ

ቲየንፉ፣

ታላቅ እህታችን ዘንድ ሄጃለሁ፤ እሁድ እመለሳለሁ። የማሾ ሾርባ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለልህ፣ ቀዝቃዛውን ነው የሚጠጣው፣ እንዳታሞቀው።

ትናንት ከገበያ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀልተህ መጥተህ ደረጃው ላይ ስትዘረር ደንግጫለሁ። በዚህ ሙቀት አንድ ቀን ትሞትብኛለህ። ስለዚህ ዛሬ በሱቆቹ በረንዳ ሥር ሂድ። ከደጃችን እስከ ገበያው ድረስ ጥላ ነው፤ የቆሙ ሞተር ብስክሌቶች ሲዘጉብህ ብቻ ወደ መንገዱ ውረድ። ጃንጥላ "የሴት ነው" ስለምትል አልመክርህም።

ማዶ ማዶውን በፀሐይ የምትሄደው ለምን እንደሆነ የታይናን ከተማ ሁሉ ያውቃል። የልብስህን ቁልፍ ራስህ እየቆረጥክ "ወለቀብኝ" እያልክ ስትመላለስባት፣ ልብስ ሰፊዋ ቹንሜይ ነቅታብህ፣ እዚያው ሱቋ ደጅ በረንዳው ላይ፣ "አንተ፣ ይሄ እኮ በመቀስ የተቆረጠ ነው!" ብላ በሰው ፊት ስለጮኸች ነው።

ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።
እሱን ተወው።

ያኔ እሷ ዘንድ ጥለኸው የሸሸኸውን ሱሪ ልውሰድለት ብላት፣ "እግር የለውም? ራሱ ይምጣ፣ ቀዝቃዛ ሻይ አስቀምጥለታለሁ" አለችኝ።

ሰማያዊ ሸሚዝህ ወንበሩ ላይ ነው። ሁለተኛው ቁልፍ ተቆርጧል። ማን ቆረጠው ብትልህ፣ ባይሁይ ናት በላት።
ቢያንስ ዛሬ አትዋሽም።

ባይሁይ