በሙሉ ድምፅ

ውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ በእጄ ነው የምጽፍልዎ። ቁጥር የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ግልባጭ የሚደረግለት ክፍልም የለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ "ጉዳዩ፦" ሳልል ደብዳቤ ጀምሬ ስለማላውቅ እጄ ተቸግሯል። ነገሬ ቢንዛዛብዎት ይታገሡኝ።

ከሁሉ በፊት መናደዴን ልንገርዎት። በሰብሳቢው ተናድጃለሁ፣ በመሥሪያ ቤቱ ተናድጃለሁ፣ በራሴ ተናድጃለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝና በእርስዎም ተናድጃለሁ። ወንበርዎን ጥለው ከሄዱ ይኸው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ወንበሩ ግን እንዳለ ነው። በየሁለት ወሩ፣ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ አዳራሹን ሳዘጋጅ ሰባት ወንበር እደረድራለሁ፤ ሰባት ብርጭቆ ውሃም አስቀምጣለሁ። ስብሰባው ሲያልቅ የእርስዎን ውሃ መስኮቱ አጠገብ ያለው አበባ ላይ እደፋዋለሁ። አበባው እንኳ ተመችቶታል።

መጀመሪያ የመጡበት ቀን ትዝ ይልዎታል? ሜትርዎን አንገትዎ ላይ እንዳንጠለጠሉ ከሱቅዎ በቀጥታ መጡ። የበሩ ጥበቃ "ዩኒፎርም ለመለካት ከሆነ በጓሮ በኩል ነው" ብሎ መለሰዎት። እርስዎም በጓሮ ዞረው ገቡ፤ ሲወጡ ግን "ትከሻው ላይ ጠቦሃል፤ ሱቅ ብቅ በልና ላስፋልህ" አሉት። እኔ ደግሞ "አዲሷን የቦርድ አባል ተቀበል" ተብዬ ዋናው በር ላይ ግማሽ ሰዓት ተገትሬ ነበር።

በሻይ እረፍት ላይ "እስቲ ይህ ቤት እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኝ" አሉኝ። የሒሳብ ባለሙያዎች ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ሰባት አባላት እንዳሉት ነገርኩዎት። አራቱ ራሳቸው የሙያው ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የሕግ ሰው፣ አንዱ ከሚኒስቴሩ የሚላክ፣ አንዱ ደግሞ ከሙያው ውጪ የሆነ የሕዝብ ተወካይ። ከነሱ በታች ጽሕፈት ቤቱ፣ ሦስት መስኮት። መስኮት አንድ ለፈተና ይመዘግባል፣ መስኮት ሁለት ፈቃድ ይሰጣል፣ ያድሳል፣ መስኮት ሦስት ቅሬታና ቅጣት ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። እርስዎም ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከሩ "ገባኝ፤ እነሱ ይቆርጣሉ፣ አንተ ትሰፋለህ" አሉ። "የእኔስ ሥራ ምንድን ነው?" ሲሉኝ፣ ያለ ሕዝብ ተወካይ ቦርዱ የቅጣት ጉዳይ ማየት እንደማይችል ነገርኩዎት። "የሙያው ሰው ለሙያው ሰው እንዳያዳላ፣ ወይ እንዳይጨክን ነው" ብዬ። ያኔ እኔም አምንበት ነበር።

ሰብሳቢውን "አንቀጽ" ብለው ስም ያወጡላቸውም እርስዎ ነዎት። ዛሬ መላው ቢሮ ከጀርባቸው እንደዚያ ነው የሚጠራቸው።

ከዚያ የዚያች የሒሳብ ባለሙያ ጉዳይ መጣ። ጉዳዩን ያውቁታል፤ እኔ ግን ሳልጽፈው አይወጣልኝም። ፈቃዱን የሚያሳድስ ሰው በዓመት አርባ ሰዓት ሥልጠና መውሰድ አለበት። እሷ ሠላሳ አራት ሰዓት ወስዳለች። ቀሪው ስድስት ሰዓት በሚሰጥበት ቀን ምጥ ያዛት። የሐኪም ወረቀት አቀረበች፤ ግን በሠላሳ ቀን ውስጥ መቅረብ የነበረበት በሠላሳ አራተኛው ቀን ቀረበ። በቃ፣ ወንጀሏ ይኸው ነው።

አንቀጽ ፋይሉን አንብበው ሲጨርሱ "ግልጽ ነው፤ አራት ቀን አሳልፋለች" አሉ። እርስዎ እጅዎን አወጡ።

"ሴትዮዋ የት አለች?"

"ፋይሏ ይኸው ፊትዎ ነው።"

"ፋይሉንማ አየሁት። እኔ ሰውየውን ሳላቆም ልብስ ለክቼ አላውቅም።"

"ወይዘሮ፣ ደንቡ ሠላሳ ቀን ነው የሚለው።"

"አራስ ወረቀት ተሸክማ በየመስኮቱ ትዙር ነው የሚሉኝ? እርስዎን የወለዱት እናትዎ በስንተኛው ቀን ነው ከቤት የወጡት?"

የሕግ ሰውየው ሳቁን በመሐረብ አፈነው። አንቀጽ አልሳቁም፤ ድምፅ ይሰጥ አሉ። ለስድስት ወር እገዳ ስድስት እጅ ወጣ። "የሚቃወም?" ሲሉ የእርስዎ እጅ ብቻዋን ወጣች። በዓይንዎ እኔን ፈልገው "አይሆንም። ይህንንም ጻፍልኝ" አሉኝ። እኔም በረቂቅ ደብተሬ ላይ እንዳሉት አድርጌ ጻፍኩት።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

በማግስቱ አንቀጽ ቢሮአቸው ጠሩኝ። በቃለ ጉባኤ ላይ አንድ የተቃውሞ ድምፅ ከሰፈረ፣ ውሳኔው በቀጥታ ወደ ይግባኝ ሰሚው ይሄዳል፤ እዚያ እስኪታይ ድረስም ባለሙያዋ ፈቃዷን ይዛ ትሠራለች። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። "ለአንድ ልብስ ሰፊ ድምፅ ብለን ፋይል አናንከራትትም" አሉኝ። "በሙሉ ድምፅ ብለህ ዝጋው።" የደረጃ ዕድገት ማመልከቻዬ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። እሳቸውም አዩት፣ እኔም አየሁት። ወጥቼ ጻፍኩት። ሁለት ቃል ነው እትዬ፤ አንድ ትንፋሽ አይፈጅም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤውን ለፊርማ አዞርኩ። እርስዎ ዘንድ ስደርስ መነጽርዎን ፍለጋ ቦርሳዎን መበርበር ጀመሩ። ክር ወጣ፣ ጠመኔ ወጣ፣ የመርፌ መያዣ ወጣ፣ መነጽሩ ግን አልወጣ አለ። ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ ነህ የጻፍከው?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ምን አስለፋኝ!" ብለው ፈረሙ። እኔም "አመሰግናለሁ" አልኩዎት። አመሰግናለሁ አልኩ እትዬ!

ኋላ እንደሰማሁት፣ በዚያው ሳምንት ባለሙያዋ የውሳኔ ደብዳቤዋን ይዛ ሱቅዎ መጣች። እርስዎም ስፌቱን አቁመው፣ መነጽርዎን አድርገው፣ "በሙሉ ድምፅ" የሚለውን አነበቡ። መልቀቂያዎ አንድ መስመር ነበር፦ "ሳላነብ የምፈርም ሰው ለዚህ ወንበር አልሆንም።" መዝገብ ቤት ሰጥተው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። ቢሰድቡኝ፣ በዚያ በትልቁ መቀስዎ ጆሮዬን ቢቆርጡኝ ይሻለኝ ነበር። እርስዎ ግን "ደህና ሁን ልጄ" ብለውኝ አለፉ። ጥፋቱን ለራስዎ ወሰዱት፣ እኔም አስወሰድኩዎት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርዎት፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ባለሙያዋ የጎደላትን ስድስት ሰዓት ሥልጠና በሁለተኛው ወር አሟልታለች። ስድስት ወሩም ካለፈ ቆይቷል። ነገር ግን እገዳ የሚነሣው ቦርዱ በቅጣት ጉዳይ ሲሰበሰብ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሕዝብ ተወካይ ያስፈልጋል፤ የሕዝብ ተወካይ ደግሞ የለም። አዲስ ይመደብልን ብለን ለሚኒስቴሩ ጻፍን። ሚኒስቴሩ "የቀድሞዋን ተወካይ መልቀቂያ ቦርዱ ማጽደቁ ይገለጽልን" አለ። ቦርዱ "የመደባቸው ሚኒስቴሩ ስለሆነ የሚያጸድቀውም እሱ ነው" አለ። የእኛን መልስ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ጥሩ አድርጌም ነው ያረቀቅሁት። አራት ጊዜ ተጻጽፈናል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ሴትዮዋ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሰኞ ሰኞ መስኮት ሦስት ላይ ትቆማለች። ቢሮዋን ዘግታለች። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ተቀጥራ ደብተርና እስክሪብቶ ትሸጣለች። ይባስ ብሎ፣ አሥራ ስምንት ወር ታግዶ የቆየ ፈቃድ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ባለቤቱም ከመጀመሪያው ፈተና እንደገና ይጀምራል። ለእሷ አሥራ ስምንት ወሩ ሊሞላ ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም። ከዚያ በፊት ያለው ስብሰባ የፊታችን ማክሰኞ ብቻ ነው።

ያቺ በሥልጠናው ቀን የተወለደችው ልጅስ? መጀመሪያ ስትመጣ በጨርቅ ተጠቅልላ ነበር። መዳህ የጀመረችው እኛ ኮሪደር ላይ ነው። አሁን ከመስኮት አንድ እስከ መስኮት ሦስት ትሮጣለች። ባለፈው ሰኞ ተራቸው ሲደርስ፣ የመስኮቱ ሠራተኛ ገና አፉን ሳይከፍት፣ ልጅቷ ጣቷን ወደ መስታወቱ ቀስራ "ገና ነው!" አለች። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። ሠራተኛውም ሳቀ። እናትየዋ አልሳቀችም፤ ልጇን ብድግ አድርጋ ታቅፋ ምንም ሳትጠይቅ ወጣች። እኔ በመስታወቱ ጀርባ ቆሜ ነበር። ልጅቷ አፏን የፈታችው በእኛ መልስ ነው ብዬ አሰብኩ። ወደ ቢሮዬ ተመልሼ የድሮ ረቂቅ ደብተሮቼን ማገላበጥ ጀመርኩ።

ገጹን አገኘሁት። "እትዬ፦ አይሆንም። ይህንንም ጻፍልኝ።" በእኔው እጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልዎታለሁ።

ደብተሩን ይዤ አንቀጽ ዘንድ ገባሁ።

"ቃለ ጉባኤው ይታረም" አልኳቸው።

"ቃለ ጉባኤ የሚታረመው አባል ሲጠይቅ ነው። አንተ አባል ነህ?"

"አይደለሁም።"

"አባሏም ለቀዋል። ሌላ ጉዳይ አለህ?"

"መልቀቂያቸውን ማን አጸደቀው?"

የደንቡን መጽሐፍ ገለጥ አድርገው መልሰው ከደኑት። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ሰውየው የሚጠቅሱት አንቀጽ ሲያጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አዎ እትዬ፣ መልቀቂያዎን ማንም አላጸደቀውም። በወረቀት እስከ ዛሬ ድረስ የቦርዱ አባል ነዎት። ያ ሁሉ የማይረባ መጻጻፍ አንድ ነገር ቢሠራ ይኸው ነው፦ ወንበሩን አስቀምጦልዎታል።

"ቃለ ጉባኤ አዛብቶ የጻፈ ሠራተኛ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"አንቀጽ ሠላሳ አንድ። ከሥራ ይሰናበታል።"

"እኔ የጻፍኩት ነገር የለም። እጁ ያንተ ነው።"

"አዎ፣ የእኔ ነው" ብዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። "ልጆቹንስ ምን ልናደርግ ነው?" አለች። ከዚያ ተነሥታ "ደብተሩን የት ነው ያስቀመጥከው? ውሃ እንዳይነካው" አለችና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ካዘኑም ለመደብሯ ሴት ይዘኑላት።

በእርስዎ ለምን እንደተናደድኩ አሁን የሚገባዎት ይመስለኛል። እንዲያ ያለ ንጹሕ ሰው ወንበሩን ጥሎ ሲሄድ ቦታውን የሚይዘው እንደ እኔ ያለው ነው። "ማን ጻፈው?" ብለው ጠረጴዛውን ቢደበድቡ ኖሮ ያን ቀን ያልቅ ነበር። እርስዎ ግን እኔን ማዋረድ አልወደዱም። ደግነትዎ ጎድቶናል እትዬ፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የጎዳኝ የገዛ ፍርሃቴ ነው። እንደ እናት "ልጄ" ብለውኝ ያለፉትን ሰው ነበር ያታለልኩት። ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ይቅር ባይሉኝም ማክሰኞ ይምጡ።

በሦስት ሰዓት ይጀምራል። በዋናው በር ይግቡ፤ ጥበቃው ያውቅዎታል፣ ዩኒፎርሙም አሁንም ትከሻው ላይ እንደጠበበው ነው። ወንበርዎ መስኮቱ አጠገብ፣ ውሃዎም ፊት ለፊቱ ይሆናል። ከተቀመጡ የቅጣት ጉዳይ ይታያል። አንቀጽ "ባለፈው ቃለ ጉባኤ ላይ ጥያቄ ያለው?" ማለታቸው አይቀርም፤ ደንብ ነው። ያኔ እጅዎን አውጥተው የድሮው እንዲታረም ይጠይቁ። የታረመውን አዘጋጅቼ እጠብቅዎታለሁ። ስድስት ለአንድ ይላል፤ የእርስዎም ቃል እንዳሉት ሰፍሮበታል።

ምናልባት በዚያ ቤት ለፊርማ የማዞረው የመጨረሻው ወረቀት ይሆናል። እርስዎ ዘንድ ስደርስ መነጽርዎን ይፈልጉ። ክሩም ይውጣ፣ ጠመኔውም ይውጣ፣ ስድስቱም ቁጭ ብለው ይጠብቁ። ሳያገኙት እንዳይፈርሙ። ከላይ እስከ ታች አንድም ቃል ሳይዘልሉ ያንብቡት፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።

እስከ ማክሰኞ፣
ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው