ገጽ ሦስት ይውጣ ላሉት ክቡር ኃላፊ

ለተማሪዎች የውጭ ልውውጥ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? አዲሱ የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር እንደተስማማዎት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ተሸካሚዎቹ በጠረጴዛዬ አጠገብ ስላለፉ ከእርስዎ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ደረትዎ ሳይታፈን፣ አየር እንደ ልብ እየገባ እየወጣልዎት ውለው ይደሩ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት ለማሳመር ያህል ያስገባሁት አይደለም፤ ወደ ታች ሲወርዱ ምክንያቱን ያገኙታል፣ ከወረዱ።

እኔ ከግቢው ዋና በር አጠገብ፣ አረንጓዴ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ብሶት በጨዋ ቋንቋ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሙያዬ እንደማውቀው ኃላፊ የሆነ ሰው ከሦስተኛው ነጥብ በታች አያነብም፤ ደንበኞቼንም ዋናውን ነገር አንደኛ ላይ አድርጉት እያልኩ የምመክረው ለዚህ ነው። ዛሬ ግን የራሴን ምክር ጥሼ ዋናውን አራተኛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ እዚያ ድረስ የሚያነብ ሰው በቢሮዎ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ስለፈለግሁ ነው።

ጉዳዩ የልጄ ጉዳይ ነው። ፊዚዮቴራፒ ታጠናለች፤ ሦስተኛ ዓመቷን በቢሮዎ በኩል በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ተምራ ከተመለሰች አምስት ሳምንት ሆኗታል። ለመጨረሻው ዓመት ለመመዝገብ ቢሮዎ የሚሰጠው የመመለሻ ማረጋገጫ ያስፈልጋታል፤ ማረጋገጫውን ለማግኘት ደግሞ ስለ ቆይታዋ የጻፈችው ሪፖርት ተቀባይነት ማግኘት አለበት። ሪፖርቷ እስከ ዛሬ ሰኞ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመልሶባታል። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ ዓርብ ካለፈ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ትቀመጣለች፣ የሆስፒታል ልምምድ ቦታዋም ለሌላ ሰው ይሰጣል። እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ልጆቻችንን ለጉዞ ያዘጋጃችሁበት የሦስት ቀን ሥልጠና ከልብ የሚያስመሰግን ነው። በመጀመሪያው ቀን አራት የተከበሩ ሰዎች በየተራ መድረክ ላይ ወጥተው እናንተ የአገር አምባሳደሮች ናችሁ ካሉ በኋላ በየመኪናቸው ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ግማሹ ስለ ሹካና ቢላዋ አያያዝ፣ ግማሹ ስለ ፈገግታ ትምህርት ተሰጠበት፤ ልጄ ቤት መጥታ እናቷን በሹካ ጀርባ ሩዝ አበላልን ስታለማምዳት ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። በሦስተኛው ቀን የቢሮው ዓርማ ያለበት ኮፍያ ታድሎ ፎቶ ተነሱ። ከሠልጣኞቹ አንዷ እጇን አውጥታ ብንታመም ወዴት እንሄዳለን ብላ ብትጠይቅ፣ አሠልጣኙ ኧረ በጎ በጎውን አስቡ፣ ገና ሳትሄዱ ምን ታሟርታላችሁ ብለው አዳራሹን በሳቅ ገደሉት። ኮፍያው እስከ ዛሬ ቤታችን አለ፤ ጨርቁ ጠንካራ ነው።

ሁለተኛ፤ ልጄን ከሌላው ተማሪ ሁሉ ዘጠኝ ቀን አስቀድማችሁ ስላደረሳችኋት ምስጋናዬ የላቀ ነው። የመኝታ ሕንፃው የሚከፈትበትን ቀን ካለፈው ዓመት ደብዳቤ ላይ ገልብጣችሁ ስለሰጣችኋት፣ ሁለት ሻንጣ እየጎተተች ሄዳ የተቆለፈ በር ጠበቃት። የሕንፃው የጽዳት ሠራተኞች አንጀታቸው አልችል ብሎ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ፣ በመጥረጊያዎችና በተጠቀለለ ምንጣፍ መካከል ፍራሽ አነጠፉላት። ወደ ቢሮዎ ደወለች፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ጻፈች። በስድስተኛው ቀን መልስ መጣላት፤ እንኳን በሰላም ደረስሽ፣ ለመጽሔታችን የሚሆን ፎቶ ላኪልን ይላል። ፎቶ አልላከችም፤ ለዚህም በፋይሏ ላይ «ተባባሪ አይደለችም» ተብሎ እንደተጻፈባት ኋላ ደረስንበት።

ሦስተኛ፤ ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ቢሮዎ ያደለው የጉዞ መመሪያ በተራ ቁጥር ሰባት ላይ በአውሮፕላን ማረፊያ ጥርጣሬ የሚያስነሳ መድኃኒት አትያዙ፣ በሄዳችሁበት ሁሉም ነገር ይገኛል ይላል። እሷ ልያዘው አለች፣ እናቷም ትያዘው አለች። እኔ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይ የምርድ ሰው ነኝና፣ ቢሮ ያለው ነገር አይሳሳትም ብዬ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቷን ከሻንጣዋ ኪስ በገዛ እጄ አወጣሁት። በሄደች በሁለተኛው ወር ቅዝቃዜው ሲጠና ክፍል ውስጥ ትንፋሽ አጥሯት ወደቀች። መድኃኒቱ እርግጥ በዚያ አገር ይገኛል፤ የሚገኘው ግን በዚያው አገር ሐኪም ትዕዛዝ ነው፣ ሐኪሙ የሚገኘው በሦስት ሳምንት ወረፋ ነው፣ እሷም ወረፋው ላይ ነበረች። አምቡላንስ ጠርታ ያተረፈቻት አጠገቧ የተቀመጠች፣ ስሟን እንኳ ገና ያላወቀቻት ተማሪ ናት።

እኛ ወላጆቿ ይህን የሰማነው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። እርስዎ ቀድመውናል፤ ያኛው ዩኒቨርሲቲ በማግሥቱ ጽፎላችሁ፣ መዝገብ ቤታችሁ ደብዳቤውን በወጉ ቁጥር ሰጥቶ በሳጥን አስቀምጦታል። ስላልጠፋ አመሰግናለሁ። ስለዚህ ነገር ባሰብኩ ቁጥር የሚሰማኝ ንዴት ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ንዴት ውሎ አድሮ ይበርዳል። የሚሰማኝ የተበላሸ ምግብ ጎርሶ የሚተፋበት ቦታ ያጣ ሰው የሚሰማው ማቅለሽለሽ ነው።

አራተኛ፤ እስከዚህ ካነበቡ እንኳን ደህና መጡ። ልጄ አራት ገጽ ሪፖርት ጻፈች። ገጽ አንድና ሁለት ስለ ትምህርቷ ነው፤ ገጽ አራት የጽዳት ሠራተኞቹንና ያቺን ተማሪ ጨምሮ የረዷትን ሰዎች ያመሰግናል። ገጽ ሦስት «ለሚቀጥሉት» የሚል ርእስ አለው። መድኃኒታችሁን ከሐኪም ወረቀቱ ጋር በእጅ ቦርሳችሁ ያዙ ይላል። የመኝታ ክፍላችሁ የሚከፈትበትን ቀን ራሳችሁ ጽፋችሁ ጠይቁ፣ የአደጋ ስልክ ቁጥራቸውን ሳትሳፈሩ በቃላችሁ አጥኑ ይላል። በመጀመሪያው ወር ያለ ምክንያት ብታለቅሱ አብዳችሁ አይደለም፣ ስትመለሱም ጓደኞቻችሁ ያለ እናንተ መሳቅ ለምደው ታገኟቸዋላችሁና አትቀየሟቸው ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት ስጽፍ እንዲህ ያለ ገጽ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

በቢሮዎ ሪፖርት የምትመረምረው እመቤት ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ገጽ አንድ ላይ «ምስጋና ያንሰዋል»፣ ገጽ ሁለት ላይ «ስሜታዊ» ብላ ጻፈች። ገጽ ሦስትን ከጥግ እስከ ጥግ ሰርዛዋለች፤ ከሥሩም በሰማያዊ ቀለም «ይውጣ» የሚል ቃልና የእርስዎ ፊርማ አለበት። ፊርማዎ በጣም ያምራል። ልጄ ገጹን አላወጣችም፤ እንዳለ ይዛ ሄደች፣ እንዳለ ተመለሰላት፣ ደግማ ሄደች፣ ደግሞ ተመለሰላት።

ባለፈው ሐሙስ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመልሱላት ባለ ቀይ እስክሪብቶዋ እመቤት አዘነችላት። እኔ ይህቺን ሴትዮ ክፉ ናት አልልም። የኔ እናት፣ ምን አደከመሽ፣ በሩ ጋ ጥላ ሥር የሚቀመጡት አባት አሉ አይደል፣ ለሁሉም የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅባቸውም፣ እኛም የሳቸውን ሳናይ ነው የምናሳልፈው አለቻት። የማን ልጅ መሆኗን አላወቀችም። ልጄም አልነገረቻትም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ስለሆነ ለእርስዎ ማቅረቤ አግባብ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሌላ የሚሰማኝ ኃላፊ ስለሌለኝ ይታገሱኝ።

በዚያው ሐሙስ ልጄን ከሦስት ደንበኞቼ ኋላ ተሰልፋ አየኋት። የቤት ቁልፍ ልትወስድ የመጣች መስሎኝ በእጄ ጠራኋት፤ ተራዬን እጠብቃለሁ ብላ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ ሪፖርቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ እርስዎ ጋ ሂጂ ተብዬ ነው፣ ለሁሉም የሚጽፉት እርስዎ ነዎት አሉኝ አለች። አንተ የምትለኝ ልጅ እርስዎ አለችኝ፣ ያውም ሳትስቅ። እኔ ደግሞ ድንጋጤው፣ ችኮላው፣ ዓርብ ምዝገባ መዘጋቱ ሁሉ ተደባልቆብኝ ላግዛት ብዬ ኮምፒውተሬ ላይ «ልውውጥ» የሚለውን ፋይል ከፈትኩ። ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው ስሟን በቦታው ማስገባት ጀመሩ። በቆይታዬ ሰዓት ማክበርን፣ በቡድን መሥራትንና የአገሬን መልካም ገጽታ መገንባትን ተምሬያለሁ ይላል፤ ለሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው።

ከትከሻዬ በላይ ሆና አነበበችው። አባዬ፣ ይሄንን ለስንት ሰው ጽፈኸዋል አለችኝ። ለሠላሳ አንድ ሰው አልኳት። እሷም፣ ከሠላሳ አንዱ አንድ ሰው እንኳ የደረሰበትን ጽፎ ቢሆን መድኃኒቴ ቦርሳዬ ውስጥ ይሆን ነበር አለች። ወረቀቷን ሰብስባ ሄደች፤ ቁልፉንም አልወሰደችም።

አንድ ሰውማ ነበረ። ከሁለት ዓመት በፊት እርሻ አጥንቶ የተመለሰ ቁመተ ረጅም ወጣት እዚሁ በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ፣ የስኳር መድኃኒቱን በመመሪያው ምክንያት ትቶ በመሄዱ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር ነገረኝ። ይህንንም ይጻፉልኝ አለኝ። እኔም አይ ወንድሜ፣ ይሄ ለቢሮ አይሆንም፣ በጎ በጎውን እንጻፍ አልኩት። የአሠልጣኝዎን ቃል፣ ሥልጠናውን ሳልወስድ፣ አንድም ሳላጎድል። ልጁም እሺ ብሎ ፈረመ። እርስዎን ስጠየፍ ሰንብቼ፣ ልጄ ጠረጴዛዬ ፊት ከተሰለፈችበት ቀን ወዲህ የተጸየፍኩት የራሴን እጅ ነው፤ ስበላበትም እጅ እጅ ይለኛል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ማመልከቻ ያለ ጥያቄ አያልቅምና ሁለት ነገር እለምናለሁ። የልጄ ሪፖርት አራቱም ገጽ እንዳለ ሆኖ ዓርብ ከመድረሱ በፊት ይፈረምበት። ሐሙስ በሚጀመረው የዘንድሮ ሥልጠናም ከአራቱ ንግግሮች አንዱ ቀርቶ በምትኩ ገጽ ሦስት ይነበብ፤ አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ በሰዓት ለክቼዋለሁ። እንቢ ካሉም ልጄ ገጹን እንደማታወጣ ትናንት ማታ ነግራናለች። አንድ ዓመት ቤት መቀመጡን መርጣለች፤ እናቷ አልቅሳ ለመነቻት፣ እኔ ግን አፍ አውጥቼ ለመለመን ፊት አጣሁ።

እርስዎ እስኪወስኑ ድረስ ሥራ ፈትቼ አልተቀመጥኩም። ዛሬ ጠዋት ከዘንድሮ ተጓዦች አንዷ ፓስፖርቷን ኮፒ ልታስደርግ መጥታ ቦርሳዋን ስትበረብር ልጄ የምትስበውን ዓይነት መድኃኒት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ይዘሽው ነው የምትሄጂው ብዬ ብጠይቃት፣ አይ፣ ቁጥር ሰባት ይከለክላል አለችኝ። ከልጄ ሪፖርት ገልብጬ ያባዛሁትን ገጽ ሦስት ሰጠኋት። ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ አጥፋም ከፓስፖርቷ ጋር አስቀመጠችው።

እስከ አንገቴ በሚደርስ አክብሮት፣ ከዚያ በታች ስላለው ግን ኃላፊነት ሳልወስድ፣ የመልካም ገጽታዎ የረጅም ዘመን ጸሐፊ በመሆኔ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በሩ ላይ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለባለ ቀይ እስክሪብቶዋ እመቤት፣ ስለ ሐዘኔታዋ ከምስጋና ጋር
ለግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለዘንድሮ ተጓዦች በሙሉ፣ ከገጽ ሦስት ጋር፣ ከጠረጴዛዬ ላይ የሚወሰድ

ማሳሰቢያ፦ ከወንበርዎ በስተጀርባ በመስታወት አስገብተው የሰቀሉት፣ ለእንግዳ ሁሉ እንደ አርአያ የሚያሳዩት አንድ ገጽ ሪፖርት የዚያ ቁመተ ረጅም ልጅ ነው። ያን ቀን ከርሱ በፊት የጻፍኩት ለአንዲት የጥርስ ሕክምና ተማሪ ስለነበር፣ ስሙን ቀይሬ ሦስተኛውን አንቀጽ መቀየር ረስቻለሁ። እርሻ ያጠናው ልጅ በርስዎ ግድግዳ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጥርስ ሲነቅል፣ ከርስዎም ከእንግዶችዎም አንድ ሰው እንኳ አላየውም። አሁን ካዩት ያወርዱት ይሆናል። ክፈፉን ግን አይጣሉት፤ ወረቀቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ገጽ ሦስት ልክ ይሆነዋል።