የራሴን ስንዴ ለማጨድ ፈቃድ የጠበቅሁባቸው ዘጠኝ ቀናት

ለተከበሩ የኮምባይነር አምራች ድርጅት ፕሬዚዳንት፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ በሰሜን ዳኮታ የምንገኘው፣ ከነሐሴው በረዶ የተረፍነው ማለቴ ነው፣ ደኅና ነን። ድርጅትዎ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል መጠይቅ ልኮልኝ ነበር፤ የመልስ መስጫው ቦታ ለምስጋናዬ ስለጠበበኝ በከተማችን ጋዜጣ ልጽፍልዎት ደፈርሁ።

አንደኛ፦ ማሽንዎ ከእኛ ይልቅ ብልህ በመሆኑ አመሰግናለሁ። ስንዴው ደርሶ አንገቱን በደፋበት ሰሞን፣ አውራ ጣት የምታክል የመለኪያ ሴንሰር ተበላሽታ ኮምባይነሩ መሃል ማሳ ላይ ቆመ። አርባ ዓመት ማሽን ሲፈታና ሲገጥም የኖረው ባለቤቴ አርለን፣ አዲስ ሴንሰር ገዝቶ በሃያ ደቂቃ ቀየራት። ማሽኑ ግን የእናንተ ባለሙያ መጥቶ በኮምፒውተር ካልፈቀደለት አልነሳም አለ። እስከዚያች ቀን ድረስ ማሽኑ የእኛ ይመስለን ነበርና ስላረሙን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ ዘጠኝ ቀን እንድንጠብቅ በስልክ የነገረችን ሴት እጅግ ትሑት ነበረች። ስልኩ ላይ ስንጠብቅ የሚያሰሙን ሙዚቃም ደስ ይላል። አርለን ሙዚቃ ስለማይወድ፣ «ስንዴው ዘጠኝ ቀን ቁጭ ብሎ የሚጠብቀኝ መስሏት ነው እንዴ ይቺ ሴትዮ?» እያለ ግቢውን ሲዞር ዋለ።

ሦስተኛ፦ ይህ ስለ ጎረቤታችን ስለ ዱዌን ሩስታድ ነው። በእኛ አገር በአጨዳ ሰሞን ማሽን የተሰበረበት ሰው ጎረቤቱን አይለምንም፤ ጎረቤቱ ራሱ ይመጣል። ዱዌን በሦስተኛው ቀን ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ ኮምባይነር እየነዳ መጣ። «የኔ ገና እርጥብ ነው ባክህ፣ ሁለት ቀን ይቆያል። ያንተን እንጨርሰው» አለው አርለንን። እርጥብ አልነበረም። በማሳው አጠገብ ስናልፍ እኔም አርለንም አይተነዋል፤ ግን ወደ ማሳችን አስገባነው። ሁለት ቀን ሙሉ አጨደልን። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶው ወርዶ የዱዌንን ስንዴ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከመሬት ጋር አጣበቀው። የእኛው ጎተራ ገብቶ ነበር።

አራተኛ፦ ባለሙያዎ በተባለው ቀን ከተፍ አለ። ኮምፒውተሩን ሰካ፣ አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ ከዚያም «በትክክል ነው የቀየሩት፣ አባባ» ብሎ አርለንን አመሰገነው። የሴንሰሯን ዋጋ ስድስት እጥፍ አስከፍሎንም ሄደ። ማሽኑ ተነሳ፤ የሚታጨድ ግን አልነበረም።

ክቡር ሆይ፣ የስንዴን ዋጋ እኛ አንወስንም፣ የማዳበሪያንም የነዳጅንም አንወስንም። በዚህ ሥራ ተረፈኝ የምለው ነገር ቢኖር ሳይጠሩት የሚመጣ ጎረቤት ብቻ ነበር። ዱዌን የበረዶ ኢንሹራንሱ ለባንክ ዕዳው እንኳ ስላልበቃው፣ በሚመጣው ቅዳሜ መሬቱን በጨረታ ይሸጣል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኘኝ «አይዞሽ ቨርና፣ የናንተ እንኳን ተረፈ» አለኝ። አፍሬ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ወደፊትም የገዛ ማሽኗን ለማስነሳት የእርስዎን መልካም ፈቃድ በትዕግሥት የምትጠባበቅ ደንበኛዎ፣

ቨርና ቶለፍሰን

የረሳሁት፦ መጠይቅዎን ሞልቼ ልኬአለሁ። «ምርታችንን ለጎረቤትዎ ይመክራሉ?» የሚለውን ብቻ ባዶ ተውሁት። ከቅዳሜ በኋላ ጎረቤት የለኝም።